ኦማን በመኪና ለ5 ቀን፦ የቱን ይዘን የቱን እንተው?

የአልዓይኗ
ጤና ይስጥልኝ። ለገና ሰሞን 5 ቀን ፈቃድ አግኝተናል፤ ከኤምሬትሷ አልዓይን ተነስተን በራሳችን መኪና ኦማንን ለመዞር አስበናል። አራት ሰዎች ነን፤ አንዷ ጉልበቷን የሚያማት እናቴ ናት። መኪናችን ኮሮላ ነው። የጻፍነው ዝርዝር ይሄ ነው፦ የኒዝዋና የባህላ ምሽጎች፣ ጀበል አኽዳር፣ ጀበል ሻምስ፣ የዋሂባ በረሃ፣ ዋዲ ሻብ፣ የራስ አልጂንዝ ኤሊዎች፣ ሙስካት፣ ከተቻለም ሳላላ። በዛ? በኮሮላ የማይገባበትስ የቱ ነው?

መንገደኛ
በዝቷል። ሳላላን ዛሬውኑ ሰርዙት፤ ከሙስካት 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሰው የሚጎርፍለት ጭጋግና ልምላሜም ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ ነው፤ በገና ሰሞን የለም። ኤሊዎቹንም ተዉ። ራስ አልጂንዝ ላይ ዓመቱን ሙሉ እንቁላል ሊጥሉ ይወጣሉ፣ ግን ብዛታቸው በበጋው ሙቀት፣ ከግንቦት እስከ መስከረም ነው። በብርዱ ወቅት ሌሊቱን ጠብቃችሁ አንዲት እንኳ ላታዩ ትችላላችሁ።

ሐሙስ ጠዋት ተነሱ፤ ምክንያቱን ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ። (ሰዓቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሐሙስ፦ በመዝየድ ድንበር አልፋችሁ ወደ ኢብሪ፣ ከዚያ ወደ ባህላ። ጠዋት በጊዜ ከወጣችሁ ከኢብሪ ወዲያ ባለው በአልዓይን መንደር (ከእናንተው ከተማ ጋር ስሙ አንድ ነው፣ ጂፒኤስ ላይ ተጠንቀቁ) ከ4,000 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የድንጋይ መቃብሮች ጉብታ ላይ ተደርድረው ታያላችሁ። ባትና አልዓይን በዩኔስኮ መዝገብ የገቡት በ1988 ነው። ከዚያ ጀብሪን። ለእኔ ከኦማን ምሽጎች ውስጡ ምርጡ ጀብሪን ነው፤ በ1670ዎቹ ኢማም ቢላረብ ቢን ሱልጣን ያሠሩት ነው፣ መቃብራቸውም እዚያው ግቢ ውስጥ አለ። ባለቀለም ጣሪያዎቹንና የተምር ማከማቻውን እዩ፦ ወለሉ በተርታ የተቦረቦረ ነው፤ ተምሩ በጆንያ ተደራርቦ ሲጫነው ማሩ በቦዮቹ ይወርዳል። ይህንኑ ማር አፍልቶ በበር ላይ ቀዳዳ ጠላት ላይ ማፍሰስ የመከላከያ ዘዴ ነበር፤ ኒዝዋ ላይ ቀዳዳዎቹን ታያላችሁ። ባህላ ግን ከውጭ ግዙፍ፣ ከውስጥ ባዶ ነው። ጊዜ ካጠረ ከመንገዱ ማዶ ሆናችሁ ፎቶ አንስታችሁ እለፉ። እናትሽ ከጀብሪን የታችኛውን ፎቅና ግቢውን ትይ፣ ደረጃው ቀጥ ያለና ጠባብ ነው።

ዓርብ፦ ሐሙስ ተነሱ ያልኩት ለዚህ ነው። የኒዝዋ የፍየል ገበያ ዓርብ ጠዋት ብቻ ነው። ከ1 ሰዓት በፊት ድረሱ፤ ሻጮቹ ፍየሉን በገመድ ይዘው ክብ እየዞሩ ዋጋ ይጠራሉ፣ 3 ሰዓት ላይ ሁሉም አብቅቶ ተበትኗል። ምሽጉ ቅርብ ነው፤ የጁምዓ ሶላት ሳይደርስ ግቡ፣ ከሰዓት በፊት ይዘጋልና። ክቡን ግንብ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ኢማም ሱልጣን ቢን ሰይፍ 12 ዓመት ፈጅተው እንዳሠሩት ይነገራል። ከዚያ ተራራ።

ቅዳሜ በረሃ፣ እሁድ ባሕር ዳርቻውን ይዛችሁ ሙስካት፣ ሰኞ ጠዋት የሱልጣን ቃቡስ ታላቁን መስጊድ አይታችሁ በሶሃር በኩል ወደ ቤት። መስጊዱ እስላም ላልሆነ ጎብኚ ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ፣ ጠዋት ከ2 እስከ 5 ሰዓት ብቻ ነው የሚከፈተው። ሴቶች ፀጉር፣ ክንድና እግር መሸፈን ግዴታቸው ነው፤ ነጠላችሁ ሳሳ ያለ ከሆነ በር ላይ ይመልሷችኋል፣ ወፍራም ሻርፕ ያዙ።

ባለ ፍሬኑ
የተራራውን ነገር ልጨምር። ጀበል አኽዳር በኮሮላ አይታሰብም። ቢርከት አልሙዝ ላይ የፖሊስ ኬላ አለ፤ ፎር ዊል ያልሆነውን ይመልሳል፣ ልመና አይሠራም። ሕጉ የወጣው ለመውጣቱ ሳይሆን ለመውረዱ ነው። ቁልቁለቱ ረጅም ነው፤ ፍሬን ረግጦ የሚወርድ ሰው ፍሬኑ ይግላል፣ ዘይቱ ይፈላል፣ ከዚያ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ባዶውን ይገባል። በመንገዱ ዳር የሚታዩት ሽቅብ የወጡ የጠጠር መንገዶች ፍሬን ለከዳው መኪና ማምለጫ ናቸው። የሚነዳ ሰው ዝቅተኛ ማርሽ አስገብቶ መኪናው ራሱ እንዲይዘው ማድረግ አለበት፤ ፍሬን በአጭሩ ጠንከር አድርጎ ረግጦ መልቀቅ እንጂ ሁልጊዜ ጫን አድርጎ መያዝ አይበጅም። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ቁሙና አብርዱ፣ ውሃ ግን አታፍሱበት።

ደግሞ በገና ሰሞን አኽዳር ምን አለው? ጽጌረዳው የሚያብበው በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ሮማኑ የሚደርሰው በነሐሴ አካባቢ ነው። በብርድ ወቅት እርከኖቹ ባዶ ናቸው።

እኔ ብሆን ሻምስን እመርጣለሁ። 3,000 ሜትር ገደማ ይደርሳል፣ ገደሉ ወደ 1,000 ሜትር ይጠልቃል፣ እናትሽም ከመኪና ወርዳ ጥቂት እርምጃ ሄዳ ልታየው ትችላለች። ጉልበት ያላችሁት ከአልኸጢም ተነስታችሁ በገደሉ ወገብ የሚሄደውን መንገድ እስከ ፈረሰው መንደር ሂዱ፤ ደርሶ መልስ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ነው፣ ዳገት ብዙ የለውም፣ ከፍታ የሚያስፈራው ግን ይቅርበት። ወደ ሻምስ ኬላ የለም፤ ነገር ግን መንገዱ ጠጠር የሆነበት ክፍል አለ። ኮሮላውን ኒዝዋ ወይም አልሐምራ አቁማችሁ ባለ ፎር ዊል ሾፌር ከነመኪናው ለግማሽ ቀን ተከራዩ። ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት ቁረጡ፣ «ለሰው» ነው «ለመኪናው» ብላችሁ ጠይቁ። ጃኬት ያዙ፤ ሌሊት ዜሮ አካባቢ ይወርዳል።

የአልዓይኗ
ተባረኩ። አኽዳርን ሰረዝነው። በረሃውስ? ፎር ዊል ተከራይተን ራሳችን ብንገባ ይሻላል?

አሸዋ በል
አይሻልም። የኪራይ መኪና ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋና ዋዲ (የወንዝ ሸለቆ) ውስጥ የደረሰ ጉዳትን አይሸፍንም፤ ውሉን አንብቡት። ከቢዲያ ወይም ከአልዋሲል ካምፖቹ ራሳቸው በፎር ዊል ይወስዳሉ፤ ኮሮላውን በተነጋገራችሁበት ቦታ ታቆማላችሁ። ስታስይዙ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ማመላለሻው ዋጋው ውስጥ አለ ወይ፣ ካምፑስ ከአስፋልቱ ስንት ኪሎ ሜትር ገባ ይላል? ለእናትሽ ጠርዝ ላይ ያለው ይበቃል፣ አሸዋው ያው ነው።

ሌላ አንባቢ ራሱ ሊነዳ ካሰበ፦ የጎማውን ነፋስ ከ35 ወደ 15–18 ፒኤስአይ አውርዱ። ጎማው ሲተኛ መሬት የሚነካው ስፋት ይጨምራል፣ ክብደቱ ይከፋፈላል፣ አሸዋውን አይቆፍርም። ከ12 በታች አውርዶ በኃይል የሚታጠፍ ሰው ጎማው ከቸርኬው ይወልቅበታል። ሽቅብ አትቁሙ፣ ቁልቁል ወይም ሜዳ ላይ ቁሙ። ከተያዛችሁ ነዳጅ አትርገጡ፤ በረገጣችሁ ቁጥር መኪናው በሆዱ ይቀመጣል። ከጎማዎቹ ፊትና ኋላ ያለውን አሸዋ ጥረጉ፣ ነፋስ ትንሽ ቀንሱ፣ በገባችሁበት ዱካ ወደ ኋላ ውጡ። አስፋልት ከመግባታችሁ በፊት ደግሞ ጎሚስታ ዘንድ ሙሉ፤ በጎደለ ጎማ 120 የነዳ ሰው ጎማው ግሎ ይፈነዳል።

መንገደኛ
እሁድን ላስተካክል። ዋዲ በኒ ኻሊድንና ዋዲ ሻብን በአንድ ቀን አትደራርቡ። ሻብ በጀልባ ከተሻገሩ በኋላ 45 ደቂቃ ያህል በድንጋይ ላይ መራመድ፣ ከዚያ ፏፏቴው ያለበት ዋሻ ለመድረስ መዋኘት ይጠይቃል፤ ዋና የማይችል ሰው እዚያ አይገባም። ጀልባዎቹም ፀሐይ ሳትጠልቅ ያቆማሉ። ለእናትሽ በኒ ኻሊድ ነው፤ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ገንዳው አጭርና ደልዳላ ነው። ውሃ ስትገቡ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ። ሱርን አልፋችሁ በባሕሩ መንገድ ስትመጡ የቢማህ ጉድጓድ ላይ ቁሙ፣ ደረጃ አለው፣ ከላይ ማየትም ይበቃል።

ደመና ካያችሁ ዋዲ ውስጥ አትቆዩ። ዝናቡ ተራራ ላይ ዘንቦ እናንተ ፀሐይ ላይ ሆናችሁ ጎርፉ ይደርሳል። መንገድ ላይ ውሃ ሲፈስ ማቋረጥ ደግሞ በሕግ ያስቀጣል።

ወረቀት ጠያቂ
ለድንበሩ፦ ቪዛውን ከመነሳታችሁ በፊት በኦማን ፖሊስ ድረ ገጽ ጨርሱ፣ የመኖሪያ ፈቃዳችሁም ሊያልቅ የተቃረበ እንዳይሆን። ፓስፖርቱ ቢያንስ 6 ወር ይቅረው። ሙልኪያው (የመኪናው የምዝገባ ካርድ) በማን ስም ነው? በባንክ ብድር ከሆነ ወይም ባለቤቱ አብሮ ከሌለ የፈቃድ ደብዳቤ ያዙ። የኤምሬትስ ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ ኦማንን ይጨምራል፣ ግን ፖሊሲው ላይ ተጽፎ ካላያችሁት የማረጋገጫውን ብርቱካናማ ካርድ ከድርጅቱ ጠይቁ። ከሌለ ድንበሩ ላይ ትገዛላችሁ፣ ሰልፉ ጠዋታችሁን ይበላዋል።

ሙትራህ ገበያ ዕጣን ስትገዙ ምርጡን፣ ሆጃሪ የሚባለውን ለዩ፦ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ ጥርት ያለ ነጭ ነው። ቡናማና አቧራማው ርካሽ ነው፣ ለቡና ጭስ እሱም ይሆናል።