አረም «መድኃኒት» ተብሎ ያለ ምርመራ ይሸጥ?

አወያይ፦ ከሜዳና ከአጥር ሥር የሚለቀሙ አረሞች ለበሽታ ሲሸጡ ይመርመሩ ወይስ እንደ ድሮው ይተዉ? ስድብ ይቅርብን።

ቅጠሌ፦ ይተዉ! የወባ መድኃኒት የሚወጣበትን አርቴሚሲያ የተባለ ተክል እዩ። ቻይናዊቷ ቱ ዮዮ እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል ያገኘችበት የወባ መድኃኒት ፍንጩ የመጣው 1,600 ዓመት ገደማ ካስቆጠረ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ ቅጠሉ በውኃ ተዘፍዝፎ ይጨመቅ ይላል። ይፈላ አይልም። ሙቀት ኃይሉን እንደሚያጠፋው የገባት ያኔ ነው። ቤተ ሙከራው ከጥንት ሰዎች ተማረ ማለት ነው።

ፋርማሲስቷ፦ ወንድሜ፣ ታሪኩን ግማሽ ላይ አቆምከው። መድኃኒት የሆነው ተጣርቶና መጠኑ ተለክቶ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ዛሬም የአርቴሚሲያን ሻይ ለወባ አይመክርም። በአንዱ ስኒ ያለው ከሌላው ይለያያላ! የወባ ተውሳኩ ደግሞ ትንሽ ትንሽ ሲቀምስ መድኃኒቱን ይለምዳል። ያኔ የሚጎዳው ሻዩን የጠጣው ብቻ አይደለም።

ቅጠሌ፦ እሺ፣ ወባን ተዪው። ሳማስ ማንን ገደለ?

ፋርማሲስቷ፦ በሳማ አልጣላህም። ሲበስል መለብለቡም ይቀራል። እኔን የሚያስፈራኝ አስተናግር ነው፣ አጤ ፋሪስ የሚሉት። ውስጡ ያለው አትሮፒን በሐኪም እጅ የዓይን ብሌን ያሰፋል፣ በአንዳንድ ፀረ ተባይ የተመረዘ ሰውም ያተርፋል። ግን መጠኑ ከተክል ተክል፣ ከቅጠልም ፍሬ ይለያያል። ትናንት ያስታገሰህን ያህል ዛሬ ብትወስድ ሊያቃዥህ፣ ሊገድልህም ይችላል።

አረም ነቃይ፦ ሁለታችሁም ስለ ተክሉ ብቻ ታወራላችሁ። የበቀለበትን ቦታ ማን ይየው? እኔ እርሻ ላይ ነው የምሠራው። ፀረ አረም ተረጭቶበት ገና ያልጠወለገ ቅጠል ከንጹሑ በዓይን አይለይም። የመኪና መንገድ ዳርም ያው ነው።

ቅጠሌ፦ እሱስ እውነት ነው። ግን ምርመራው ውድ ከሆነ የሚያተርፈው ትልቅ ኩባንያ ነው። ዕውቀቱ የአዛውንቶቹ፣ ገንዘቡ የሌላ!

ፋርማሲስቷ፦ ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ሚዛን አንመዝን። ሳማ ላይ የተክሉ ስምና የተለቀመበት ቦታ ይጻፍ፣ ይበቃል። አስተናግር ግን ጭራሽ አይሸጥ። ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ለሐኪሙ ይንገር። ሴንት ጆንስ ዎርት የሚባለው ባለ ቢጫ አበባ አረም የወሊድ መከላከያ እንክብልን ያዳክማል። ስንቱ ያውቃል?

ቅጠሌ፦ በስሙና በቦታው ተስማማሁ። «አይሸጥ» የሚለውን የሚወስነው ኮሚቴ ግን ባህላዊ አዋቂዎች ከሌሉበት አይዋጥልኝም።

አረም ነቃይ፦ እኔ እንኳ ኮሚቴው ውስጥ አረም ከአረም የሚለይ አንድ ሰው ካለ ይበቃኛል።