«አማፂ» ብዬ ፈረድኩባቸው እንዴ?

ተርጓሚው፦ ሰላም ቤተሰብ። ስለ ሶርያ የእርስ በርስ ጦርነት የምተረጉመው ጽሑፍ አንድ ዐረፍተ ነገር ላይ ያዘኝ። «የሐያት ታሕሪር አል ሻም አማፂያን ኅዳር 18 ቀን 2017 ከኢድሊብ ተነሥተው ኅዳር 29 ደማስቆ ገቡ።» እስላማዊ ቡድን መሆኑን ሌላ ቦታ ጽፌያለሁ። እዚህ ላይ «አማፂ» ፍርድ አለበት? ማስረከቢያዬ ነገ ጠዋት ነው።

ባለዳዊቱ፦ ፈርደሃል እንጂ! ዐመፀ ማለት በግእዝ በደለ፣ ግፍ ሠራ ነው። ዳዊት «በዓመፃ ተፀነስሁ» ሲል እናቱ ጫካ ገብታ ነበር? ደግሞም በዐይኑ ዐ ጻፈው።

ጎጃሜው፦ የዛሬው አማርኛ ከዳዊት ወጥቷል፤ መንግሥት ላይ ብረት ያነሣ ጻድቅም ቢሆን አማፂ ነው። «ሸፈቱ» በላቸው። የቋራው ካሳም ሽፍታ ነበር።

ሥርወቃል፦ ስሙን ፍቱት እስቲ። ሐያት ከሐይወ፣ ሕይወት። ታሕሪር ከሐራ፤ ትግርኛው «ሓርነት» ይላል። «የሻም የነፃነት ሕይወት»! ቅኔ ነው።

የቤሩቷ፦ ታሕሪር ልክ ነህ ወንድሜ፣ ሐያት ግን አይደለም። ሰባት ዓመት ቤሩት ሠርቻለሁ። ቃሉ «ሀይአት» ነው፣ በሃሌታው ሀ፤ ጉባኤ፣ ቦርድ እንደማለት። ሕይወት የሚሆነው በሐመሩ ሐ ነው። ሻም፣ የሶርያ ምድር ማለት፣ የቃሉ ፍቺ ደግሞ ግራ ነው፤ መካ ላይ ቆመህ ወደ ምሥራቅ ስትዞር ሻም በግራህ፣ የመን በቀኝህ ይውላል።

ሥርወቃል፦ «ንበር በየማንየ»፣ በቀኜ ተቀመጥ! እንግዲያው ሻምም ከግእዙ ፀጋም፣ ከግራ ነዋ።

ጎጃሜው፦ ሻምንና ፀጋምን ያጋባው ቄስ ማን ይሆን?

ሣቂታ፦ መሪያቸው ጆላኒ ሲባል ኖሮ ደማስቆ ደጃፍ ሲደርስ አሕመድ አል ሻራ ሆነ። በዚያ መንገድ ስም መቀየር ከሳውል ጀምሮ ነው።

ባለዳዊቱ፦ ሳውል ደማስቆ ላይ ስሙ አልተቀየረም! ጳውሎስ ተብሎ የምናገኘው ሐዋርያት ሥራ 13 ላይ ነው፣ ቆጵሮስ። መጽሐፍ ሳይገልጡ መቀለድ።

ተርጓሚው፦ ኧረ ጥያቄዬ! ጥር 21 ቡድኑ ፈረሰ ተብሎ መሪው ፕሬዚዳንት ሆኗል። ከዚያ በፊት ላለው «ታጣቂዎች» ብል ይሻላል?

ጎጃሜው፦ አየህ፣ እንደ ካሳ ነገሠ። ሸፈቱ በል አላልኩህም?

ባለዳዊቱ፦ መነኩሴም ቅናት ይታጠቃል። ታጣቂ ነው ልትለው ነው?

ሥርወቃል፦ ቆይ፣ ይሄ ቅናት ከ«ቀነተ» ነው ከ«ቀና»?