ለ11 ዓመት ልጅ የሚሆን የአማርኛ ልቦለድ ጠቁሙኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 11 ዓመቷ ነው። መጽሐፍ ይዛ ከተቀመጠች ለምሳ ብትጠራ እንኳ አትሰማም። ችግሩ፣ የምሰጣት አለቀብኝ። የተረት መጻሕፍቱን «ይሄ እኮ የሕፃን ነው» ብላ ትገፋቸዋለች። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ደግሞ በቀጥታ የአዋቂ ፍቅርና ፖለቲካ ነው። መሀሉ ባዶ ሆነብኝ።

አባቷ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር» አስደምጧት ነበር። ጉዱ ካሳን በጣም ወደደችው። መጽሐፉ ግን ከ500 ገጽ በላይ ነው፤ ጀምራ ተወችው። አልፈርድባትም። በእንግሊዝኛማ ምርጫው ሞልቷል። እኔ የምፈልገው በአማርኛ እንድትስቅና እንድትጓጓ ነው።

ዋናው ገጸ ባሕርይ በእሷ ዕድሜ ያለ ልጅ ቢሆን፣ ከ200 ገጽ ባይበልጥ፣ ጀብዱ ወይም ቀልድ ቢኖረው ደስ ይለኛል። ምስጢር የሚፈለፈልበት ከሆነማ እሰየው! ትርጉምም ቢሆን ግድ የለኝም፣ አማርኛው ካልተንገዳገደ። በየገጹ ምክር የሚያዘንብ ግን ይቅርብኝ፤ ልጅቷ ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ትነቃበታለች።

የዘነበ ወላን «ልጅነት» ያነበባችሁ፣ ለዚህ ዕድሜ ይሆናል ትላላችሁ? አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ጋ ልሄድ አስቤያለሁ። ርዕስ ሳልይዝ ከሄድኩ ግን ያው የፈተና መለማመጃ አሸክመው ይመልሱኛል። ገበያ ላይ የጠፋም ቢሆን ርዕሱንና ደራሲውን ጻፉልኝ፣ እፈልገዋለሁ። ልጆቻችሁ ራሳቸው የወደዱት ከሆነ ደግሞ ይበልጥ አምነዋለሁ።