ጨረቃ እንቁላል ብትሆን ጣና ይሞላ ነበር? ለሳይንስ ክበብ ልጆች መልስ አግዙኝ

ጥያቄ፦ የክበቡ አስተባባሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ አስተባብራለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ለሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ልጆች «ዶክተር ሁ» ከሚባለው የእንግሊዝ ተከታታይ የቴሌቪዥን ፊልም አንድ ክፍል አሳየኋቸው። «ኪል ዘ ሙን» ይባላል። በ2014 እ.ኤ.አ. የተላለፈ ነው። ልጆቹ ወደዱት። ከዚያ ግን በጥያቄ አፋጠጡኝ። ግማሹን መመለስ አቃተኝ፤ «ለሚቀጥለው ቅዳሜ» ብዬ ቃል ገብቼ ወጣሁ።

ላላያችሁት ታሪኩ ባጭሩ ይሄ ነው። ዘመኑ 2049 እ.ኤ.አ. ነው። ጨረቃ በድንገት 1.3 ቢሊዮን ቶን ከብዳለች። ጨረቃ ባሕርን ስለምትስብ፣ በዚህ የተነሳ ምድር ላይ ባሕር እየሞላ ጥፋት አድርሷል። ጠፈርተኞች ኒውክሌር ቦምብ ጭነው ጨረቃ ላይ ያርፋሉ። የፊልሙ ዋና ሰው ዶክተሩ፣ ጓደኛው ክላራና አንዲት ተማሪም እዚያው ይደርሳሉ። ሲመረመር ጨረቃ እንቁላል ሆና ትገኛለች። ውስጧ ትልቅ ፍጥረት አለ፤ ሊፈለፈል ደርሷል። ይገደል ወይስ ይወለድ? ዶክተሩ ውሳኔውን ለእነሱ ትቶ ይሄዳል። ክላራ ለምድር ሰዎች መልእክት ትልካለች፦ ይገደል የምትሉ መብራት አጥፉ፣ ይኑር የምትሉ አብሩ። ምድር ትጨልማለች። ክላራ ግን በመጨረሻዋ ሰዓት ቦምቡን ታስቆመዋለች። ፍጥረቱ ይወጣል፣ ቅርፊቱ ብትን ይላል፣ ወዲያውም የቀድሞዋን የምታክል አዲስ ጨረቃ ይጥላል።

የልጆቹ ጥያቄዎች እነሆ። አንዱ፣ «እንቁላል ተዘግቶ እያለ ከየት አምጥቶ ይከብዳል?» አለኝ። ሌላው በመብራት ድምፅ የመስጠቱን ነገር አነሳ፤ «ያኔ ቀን የሆነበት አገርስ?» አለ። አባቷ ዓሣ አስጋሪ የሆነች አንዲት ልጅ ደግሞ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ ጣናም ይሞላ ነበር ማለት ነው? ቤታችን ሐይቁ ዳር ነው» አለችኝ። ልጅቷ ከልቧ ነው የጠየቀችው። በዘፈቀደ ልመልስላት አልፈልግም።

መልስ፦ ጫጩት አርቢዋ

የመጀመሪያውን ለእኔ ተዉልኝ። እንቁላል ሲታቀፍ ይቀላል እንጂ አይከብድም። በየሳምንቱ የማየው ነገር ነው። ማስፈልፈያ ማሽን ውስጥ ሳስገባው 60 ግራም የነበረ እንቁላል በ18ኛው ቀን 53 ግራም አካባቢ ይሆናል። ቅርፊቱ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ አለው። በዚያ በኩል እርጥበት ይወጣል፣ አየር ይገባል። ጫጩቱ የሚያድገው እዚያው ያለውን አስኳልና ነጩን ወደ ሥጋና ላባ እየለወጠ ነው። ከውጭ የሚገባለት ምግብ የለም። በባትሪ ብርሃን ብታዪው በወፍራሙ ጫፍ በኩል የአየር ኪሱ ከቀን ወደ ቀን ሲሰፋ ይታይሻል።

ስለዚህ የልጁ ጥያቄ ትክክል ነው። ጨረቃ እውነት እንቁላል ብትሆን ኖሮ በመጨረሻው ሳምንት መክበድ ሳይሆን መቅለል ነበረባት።

አዲሱ እንቁላል ደግሞ ይብሳል። ዶሮ የምትጥለው እንቁላል የክብደቷን 3 ከመቶ ያህል ነው። ኪዊ የምትባለው የኒውዚላንድ ወፍ እንኳ፣ በትልቅ እንቁላል የታወቀችው፣ 20 ከመቶ ገደማ ብትደርስ ነው። አሁን የተፈለፈለ ጫጩት፣ እህል ሳይቀምስ፣ የወጣበትን የሚያክል እንቁላል ይጥላል ብሎ ነገር የለም። እኔ ቤት አንዲት ቄብ ለመጀመሪያ ጊዜ እስክትጥል አምስት ወር እጠብቃለሁ።

እህቴ፣ ለልጆቹ አንድ እንቁላልና የወጥ ቤት ሚዛን ስጫቸው። ክፍል ውስጥ አስቀምጠው በየሁለት ቀኑ ይመዝኑ። ባይታቀፍም እርጥበት ስለሚያጣ ሲቀል ያያሉ።

መልስ፦ የፊዚክስ መምህር (ጡረተኛ)

ልጄ፣ የጣናዋን ጥያቄ ይዤልሻለሁ። ወረቀትና እርሳስ ይዘሽ ተከተይኝ።

ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። ሐይቁ በአንድ ሜትር ከፍ ሲል የሚጨመረው ውሃ 3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቶን ነው። ስለዚህ 3 ቢሊዮን ቶን ማለት ነው። አሁን ጨረቃ ጨመረች የተባለውን 1.3 ቢሊዮን ቶን ወስደሽ ጣና ላይ አፍስሺው። ሐይቁ ከፍ የሚለው 43 ሳንቲ ሜትር ነው። ከጉልበት አያልፍም!

ጣና ደግሞ ከግንቦት እስከ መስከረም አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይነሳል። ይህም ወደ 4.5 ቢሊዮን ቶን ይጠጋል። ፊልሙ ውስጥ ዓለምን ያጥለቀለቀው ክብደት የእኛ ሐይቅ በአንድ ክረምት ብቻ ከሚሸከመው ሲሶውን እንኳ አይሞላም።

ከጨረቃ ጋር ደግሞ እናስተያየው። የጨረቃ ክብደት 73 ቢሊዮን ጊዜ አንድ ቢሊዮን ቶን ነው። ጭማሪው ከ56 ቢሊዮን አንድ እጅ ገደማ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው የአንድ ሚሊ ግራምን ሺኛ ጨመረ እንደማለት ነው። ቅንድቡ ላይ አቧራ ቢያርፍ ከዚያ ይበልጣል። ባሕሩ ፈጽሞ አይሰማውም።

አሁን ወደ ፊልሙ ተመለሺ። እዚያ ጨረቃ ላይ ልክ እንደ ምድር ነው የሚራመዱት። ዶክተሩም ዮዮ አውጥቶ ስበቱን ይፈትሻል። የጨረቃ ስበት የምድርን ስድስተኛ ያህል ነው። መጠኗ ሳይለወጥ ስበቷ የምድርን እንዲያክል ከተፈለገ ክብደቷ ስድስት እጥፍ መሆን አለበት። ያን ጊዜ ባሕሩን የምትስብበት ኃይልም ስድስት እጥፍ ይሆናል፤ ጥፋት ቢመጣ አይገርመኝም። ጉዳዩ ታዲያ እዚህ ላይ ነው። በእግራቸው የሚያሳዩን ጨረቃ ስድስት እጥፍ የከበደች ናት፤ በአፋቸው የሚነግሩን ደግሞ 1.3 ቢሊዮን ቶን ብቻ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ አይኖሩም። ቁጥሩን ባይጠሩት ኖሮ ታሪኩ ይቆም ነበር።

መልስ፦ የዘጌ ልጅ

መምህር እግዜር ይስጥልኝ፣ በዚህ በኩል አስቤው አላውቅም ነበር። እኔ ያደግሁት ታንኳ ላይ ነው። ለልጅቷ አንድ ነገር ልጨምርላት። ጣና የሚሞላውና የሚጎድለው በጨረቃ አይደለም። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ክረምት ላይ ያመጡለታል። በአባይ ይወጣል፣ ወደ ጣና በለስ ማመንጫም ይሄዳል፣ ፀሐይም ትጠጣዋለች። የሐይቁን ቁመት የሚወስነው ይሄ ነው። ሰው ከሰዓት በኋላ የሚፈራው ማዕበልም ከነፋስ ነው የሚመጣው። ነፋሱ ሲበርድ እሱም ይተኛል።

ልጆቹን ዳር ውሰጃቸው። አሁን ግንቦት ነው፣ ውሃው ወርዷል። ድንጋዮቹ ላይ የመስከረሙ ውሃ የተወው ነጣ ያለ መስመር ከጭንቅላታቸው ብዙም ሳይርቅ ይታያል። ከዚያ መስመር እስከ ዛሬው ውሃ ድረስ በሜትር ይለኩ። መምህር ያሉትን አንድ ሜትር ተኩል በእጃቸው ይነኩታል።

መልስ፦ የፊዚክስ መምህር (ጡረተኛ)

የዘጌው ልጅ ልክ ነው። ጨረቃ ሐይቅንም ትስባለች፤ ሆኖም ትንሽ ውሃ ላይ ጎልቶ አይታይም። ጣናን ብዙ እጥፍ በሚበልጡት በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ላይ እንኳ ከ5 ሳንቲ ሜትር በታች ነው። ጣና ላይ ስድስት እጥፍ ብታደርጊውም የልጅቷ ቤት ደጃፍ አይደርስም። በልበ ሙሉነት ንገሪያት።

መልስ፦ ተከታታይ ፊልም ወዳድ

ሁላችሁም ልክ ናችሁ፤ እኔ ግን ለታሪኩ ልቆምለት። ተረት አንድ ትልቅ ነገር እመኑኝ ይላል። አያቴ «ጅብ ዳኛ ሆኖ ተሾመ» ስትለኝ ጅብ እንዴት ይናገራል ብዬ አላቋረጥኳትም። ጨረቃ እንቁላል ናት ሲሉኝም እሺ ብያለሁ። ቅርፊቱ ሲበተን አንዲት ስባሪ ምድር ላይ አለመውደቋንም አልፌዋለሁ። ልጆቹ ፊልሙን እንዳይጠሉት ነው የምሰጋው። ያቺ ተማሪ እዚያ ጨረቃ ላይ ቆማ ይገደል አይገደል ስትል ልቤ ተንጠልጥሎ ነበር።

መልስ፦ የፊዚክስ መምህር (ጡረተኛ)

ጅቡ ይናገር፣ እኔም አልከለክለውም። ግን ተረቱ መሃል ላይ «ጅቡ ሦስት እግር ነበረው» ብላ መጨረሻ ላይ በአራት እግሩ ብታስሮጠው አያትህን ትጠይቃት ነበር። እኔም የያዝኩት ይሄንን ነው።

መልስ፦ የዕድር ጸሐፊዋ

እኔን ያንገበገበኝ የድምፁ ነገር ነው። ሳይንሱ ቢሳሳት ልጆቹ ያርሙታል። ይሄኛው ግን ከባድ ነው።

ጨረቃ በአንድ ጊዜ የምትታየው ለግማሽ ምድር ነው። ከዚያም ውስጥ መብራት የሚቆጠረው ሌሊት የሆነበት ብቻ ነው። ስለዚህ ያ ልጅ እውነቱን ነው፤ ቀን የሆነበት አገር ሰው ድምፅ አልሰጠም። ደግሞ አስቡት፤ በዚያ ሌሊት መብራት የሄደበት ሰፈር «ይገደል» ብሎ ተቆጠረ ማለት ነው። እኛ ቀበሌ መብራት በሄደ ቁጥር ማን አብሩ አለን፣ ማን አጥፉ አለን? ጭራሽ መስመር ያልተዘረጋለት ገጠርም በዝምታው ለመግደል ድምፅ ሰጠ ሊባል ነው። ከሩቅ ሆኖ ላየ ሰው ሁሉም ያው ጨለማ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ደግሞ ይብሳል። ሰውን ጠየቀች፣ መለሱላት፣ መልሱን ጣለችው። እኔ በዕድራችን ስድስት ዓመት ጸሐፊ ሆኛለሁ። ድምፅ ከተቆጠረ በኋላ ሰብሳቢው «እኔ የተሻለ አውቃለሁ» ቢል በማግስቱ ዕድርተኛው ይበተናል። የክላራ ውሳኔ ልክ ነበር ብላችሁ ብታምኑ እንኳ፣ እኔም ፍጥረቱ እንዲኖር እፈልግ ነበር፣ መጀመሪያውኑ ባልጠየቀች። ዶክተሩም ትቷቸው መሄዱን ክላራ ራሷ መጨረሻ ላይ ተቆጥታዋለች። ተገቢ ቁጣ ነው።

ልጆቹን በዚህ አከራክሪያቸው። እንቁላሉን በአሥር ደቂቃ ይጨርሱታል፤ ይሄ ሰዓቱን ይወስዳል።

የክበቡ አስተባባሪ

እግዜር ያክብርልኝ፣ ሁላችሁንም። ሚዛንና ሦስት እንቁላል ገዝቻለሁ። ቅዳሜ ጠዋት መጀመሪያ ሐይቁ ዳር ወርደን መስመሩን እንለካለን። ልጆቹ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትሩን ራሳቸው እንዲያባዙ መምህር የሰጡኝን ስሌት ጽፌ መልሱን ባዶ ትቼዋለሁ።

ለዓሣ አስጋሪው ልጅ ዛሬ ከክፍል ስትወጣ ነገርኳት። «ጣና አይሞላም፤ ያቺ ጨረቃ የጨመረችው እኛ በአንድ ክረምት ከምናየው ያነሰ ነው» አልኳት። ትንሽ አሰበችና፣ «ታዲያ እነዚያ ሰዎች ለምን ይገደል አሉ? አልለኩም እንዴ?» አለችኝ።

እትዬ ጸሐፊ፣ ክርክሩን ከዚህ ነው የምጀምረው።