ዐረብ አገር ሠርታችሁ የመጣችሁ፣ የቤት ሠራተኛችሁን እንዴት ነው የያዛችሁት?

የሸዋ በሯ፦
ሰላም ለናንተ ይሁን። ጅዳ ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርቼ ደሴ እናቴ ቤት ከገባሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ያገኘኝ ሁሉ «ዐረቦች እንዴት ናቸው?» ይለኛል። ምን ልበል? የመጀመሪያዋ ማዳሜ ፓስፖርቴን ቆልፋበት ስልክ የምትሰጠኝ ዓርብ ዓርብ ብቻ ነበር። ሁለተኛው ቤት ግን አሮጊቷ እናት በረመዳን እኔ አጠገባቸው ካልተቀመጥኩ ቴምሩን አያነሱም። አብራኝ የምትሠራ ኢንዶኔዥያዊት ነበረች። ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ስትወቅጥ ልክ የኛ ዳጣ ነው፤ ሳምባል ይሉታል። እሷም ልጇን ለእናቷ ትታ ነው የወጣችው።

አሁን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። እናቴ ቤት ከኩታበር የመጣች ወጣት ትሠራለች። እኛ በልተን ስናበቃ የተረፈውን ይዛ ማድ ቤት በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። እረፍት የሚባል ቀን የላትም። እናቴ ክፉ ሰው አይደለችም። ድሮም እንዲሁ ነበር፤ እኔ ነኝ ያላየሁት። አሁን ያቺን በርጩማ ባየሁ ቁጥር የጅዳው ማድ ቤት ድቅን ይልብኛል። «ነይ አብረን እንብላ» ብላት እናቴ ከፋት፤ ልጅቷም አፍራ ወጣች። ምን ይሻለኛል?

ሐረጎ፦
እህቴ፣ እናትሽን አታስቀይሚ። እዚያ ፓስፖርት ይያዛል። እዚህ ልጅቷ ካልተመቻት ሻንጣዋን ይዛ መሄድ ትችላለች። አይወዳደርም።

የቦርከናው፦
አብሽሪ እህቴ። እኔ በ2006 ዓ.ም. ከሪያድ ከተባረሩት አንዱ ነኝ። በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ሰው ነው የተመለሰው። እዚያ ሳለን የሳዑዲ የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኛን አይጨምርም እያልን እናማርር ነበር። በ2013 እንደ ፈረንጆቹ ለብቻው ደንብ አወጡ፦ በቀን ቢያንስ 9 ሰዓት እረፍት፣ በሳምንት አንድ ቀን። እኔ ባየሁበት ቤት አልተከበረም፤ ቢሆንም ተጽፏል። የኛም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የቤት ሠራተኛን ትቶ «በደንብ ይወሰናል» ነው ያለው። ይህን ሳነብ በጣም ነው ያመመኝ። ስለ ማዕዱ አትጣደፊ፤ ልጅቷ ራሷ ትጨነቃለች። ከእረፍት ቀን ጀምሪ። ደግሞ ምን እንደምትፈልግ እሷን ጠይቂያት።

የሸዋ በሯ፦
ሐረጎ፣ ትሄዳለች ያልከው እውነት ነው፤ ግን ወዴት? እኔም ያን ጊዜ በሩ ቢከፈትልኝ የማውቀው ሰው አልነበረኝም።

የቦርከናው፣ አላህ ይስጥህ። ጠየቅኳት። መጀመሪያ «ምንም አልፈልግ» አለች። ቆይታ «ሰኞ ገበያ ያገሬ ሰው ይመጣል፤ የእናቴን ደኅንነት ብጠይቅ» አለችኝ። ደሴ ከመጣች አንድም ሰኞ ወጥታ አታውቅም። ለእናቴ ይህንኑ ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና «ሰኞ ሰኞ ትሂድ፣ ቡናውን እኔ አፈላለሁ» አለች። እናቴም እኔ ጅዳ ሳለሁ የኔን ድምፅ ዓርብን ጠብቃ ነበር የምትሰማው።

ማዕዱ ገና ነው። ማታ ግን ሳህኔን ይዤ ማድ ቤት ገባሁና አጠገቧ ተቀምጬ በላሁ።