የሥዕል ሙዚየም መጎብኘት ለአንድ ሰው ምን ይጠቅመዋል?

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን

እንደምን ሰነበታችሁ። ደብረ ብርሃን የምኖር የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ልጄ ሥዕል መሳል እጅግ ስለምትወድ በዚህ ክረምት ወደ አዲስ አበባ ወስጄ ሙዚየሞችን ላሳያት አስቤአለሁ። 130 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ስለሆነ ርቀቱ አያሳስበኝም። ሆኖም ሐሳቤን የነገርኳቸው የሥራ ባልደረቦቼ፣ ሥዕሉን በስልክ ማየት እየተቻለ ለትራንስፖርትና ለምሳ ገንዘብ ማውጣት ምን ትርጉም አለው ብለው ጠየቁኝ፤ እኔም የሚያጠግብ መልስ አልሰጠኋቸውም። ስለ ሥዕል ያልተማረ ሰው ከእንዲህ ያለው ጉብኝት ለራሱ የሚያገኘው ምንድን ነው? ከየትስ ብንጀምር ይሻላል?

የሥዕል መምህር፣ ከአንኮበር

የተከበሩ ጠያቂ፣ ሙዚየም ለመግባት የሥዕል ትምህርት አያስፈልግም፤ ትዕግሥት ግን ያስፈልጋል።

ባልደረቦችዎ ስላነሡት ስልክ ልናገር። በስልክ ላይ የሥዕል ሁሉ ልኩ አንድ ነው። በአንገት የሚንጠለጠል ትንሽ የእንጨት ሥዕልና አፈወርቅ ተክሌ በአፍሪካ አዳራሽ የሠሩት 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል በመዳፍ ውስጥ እኩል ይሆናሉ። ከዚያ መስታወት ፊት የቆመ ሰው ግን አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ወደ ኋላ እየራቀ፣ እንደገናም እየቀረበ ለመመልከት ይገደዳል፤ ብርሃኑም በመስታወቱ ውስጥ አልፎ ስለሚመጣ የቀለሙ ድምቀት ከጠዋት እስከ ማታ ይለዋወጣል።

አፈወርቅ በ1925 ዓ.ም. እዚሁ አንኮበር የተወለዱ ናቸው። የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ ቢላኩም ትምህርታቸውን ወደ ሥነ ጥበብ አዞሩ፤ በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን አብያተ መጻሕፍት የሚገኙትን የኢትዮጵያ የብራና ሥዕሎችም እየፈለጉ አጥንተዋል። የአንኮበር ልጅ የአባቶቹን ሥዕል ለማየት ባሕር መሻገሩ ቢያሳዝነኝም፣ እንደ እርሳቸው ያለ ባለሙያ እንኳ ከዋናው ሥራ ፊት መቀመጥን እንደ ትምህርት ቤት መቁጠሩ ለልጅዎ የሚነገር ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው የምመክረው ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ነው። ከዚያ ከጥንታውያን ሥዕሎች መካከል አንዲት ባለ ሦስት ክንፍ ሥዕለ ማርያም መርጣችሁ ቁሙ። በመካከለኛው ሰሌዳ እመቤታችን ልጇን ታቅፋለች፤ እጆቿ ተጠላልፈዋል፤ ሕፃኑ መጽሐፍ ይዟል፤ ግራና ቀኙን ሚካኤልና ገብርኤል ሰይፋቸውን መዝዘው ይጠብቃሉ። መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው። ቆየት ብላችሁ ስታዩ ቀለሙ በተላጠበት ቦታ ከሥሩ ያለው ነጭ ልስን ብቅ ይላል፤ የእንጨቱ ጠርዝ በመዳሰስ ብዛት መለስለሱ ይታወቃል፤ የሠዓሊው ብሩሽ ቅንድቡን በአንድ ትንፋሽ አውርዶ ከአፍንጫው ጋር እንዳገናኘው ይታያችኋል። የደብረ ብርሃን መሥራች ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእመቤታችን ሥዕል በየአብያተ ክርስቲያናቱ እንዲከበር ማዘዛቸውን ስታስቡ ደግሞ፣ ይህ ሁሉ የሥዕል ታሪክ ከከተማችሁ ጋር የተያያዘ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ከዚያ የሚያስፈልገው ጊዜ ነው። በኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ተካሂዶ በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ጎብኚዎች በአንድ ታላቅ ሥራ ፊት የሚቆዩት በአማካይ 27 ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን አሳይቷል። በእኔ ዕይታ ከሙዚየም ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው ዋና ምክንያቱ የዕውቀት ማነስ ሳይሆን ይህ ጥድፊያ ነው።

ነርስ፣ ከሸዋ ሮቢት

መምህሩ ስለ ጊዜ የተናገሩትን ከሙያዬ አንጻር ላጠናክረው። በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎችን ወደ ሙዚየም ወስዶ ሥዕል ፊት በማቆም፣ ምን እንደሚያዩ በዝርዝር እንዲናገሩ ያሠለጥናል። የሚፈለገው ተማሪው ስለ በሽታው ከመወሰኑ በፊት የታመመውን ሰው በሚገባ እንዲያይ ነው። እኔም ሥዕል ማየትን ከለመድኩ ወዲህ በሽተኛ ሲገባ የፊቱን መገርጣት፣ የአተነፋፈሱን ሁኔታና እጁን የሚያሳርፍበትን ቦታ ካርዱን ከማንበቤ በፊት አስተውላለሁ፤ ይህ ከሙዚየም ያገኘሁት ትልቁ ነገር ነው።

በካናዳ የሞንትሪያል የሥነ ጥበብ ሙዚየም ከሐኪሞች ማኅበር ጋር ተስማምቶ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐኪሞች ለታካሚዎቻቸው የሙዚየም ጉብኝት እንዲያዙ አድርጓል። ሆኖም ሙዚየምን እንደ መድኃኒት ብቻ ባናየው እመርጣለሁ። ሰው የሚያሳዝን ሥዕል አይቶ አዝኖ ሊወጣ ይችላል፤ ያም ጉብኝቱን ከንቱ አያደርገውም።

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ልጄ ገና የአሥር ዓመት ልጅ ናት። ረጅም ሰዓት መቆም ያሰለቻት ይሆን ብዬ እሰጋለሁ፤ ደግሞስ ሃይማኖታዊ ካልሆነው ሥዕል ምን ላሳያት?

የታሪክ ተማሪ፣ ከፍቼ

ለልጅዎ ዘመናዊውንም ሥዕል ማሳየት አለብዎት፤ ለዚህም እዚያው ስድስት ኪሎ አካባቢ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል አለ። ገብረ ክርስቶስ አባታቸው ብራና የሚጽፉና በሥዕል የሚያስጌጡ አለቃ ነበሩ፤ እርሳቸው ግን በጀርመን ተምረው ሲመለሱ ሰውም ዛፍም የማይታይበት፣ ቀለምና ቅርጽ ብቻውን የሚናገርበትን አሳሳል አመጡ። አዋቂዎች ብዙ ጊዜ ከእንዲህ ያለው ሸራ ፊት ቆመው «ይህ ምንድን ነው?» እያሉ ይጨነቃሉ። ልጆች ግን ቀዩ ለምን ከጥቁሩ በላይ ሆነ ብለው ወዲያው ይጠይቃሉ፤ እርስዎም ይህን ጥያቄዋን በስም ማብራሪያ አያቋርጡት።

ከአዲስ አበባ በፊት ሌላ መነሻ ከፈለጉ ደግሞ ደብረ ሊባኖስ አለ። በዚያ ቤተ ክርስቲያን የሚገኙት ባለ ቀለም የመስታወት ሥዕሎች የአፈወርቅ ሥራዎች ናቸው። ቦታው ገዳም እንደ መሆኑ ለጸሎት ከመጡት ምእመናን ጋር በሥርዓት ገብታችሁ፣ ፀሐይ በመስታወቱ ስታልፍ ወለሉ ላይ የሚወርደውን ቀለም አሳዩአት።

ስለ መሰልቸቱ ደግሞ፣ ሙዚየሙን ሁሉ ለመጨረስ አይሞክሩ። ከመግባታችሁ በፊት ሦስት ሥራዎች ብቻ እንድትመርጥ ይንገሯት። እርሳስና ደብተር ይዛ ትግባና ከመረጠችው ሥራ አንዱን ክፍል፣ ለምሳሌ የመልአኩን ክንፍ ወይም አንዱን ዓይን ብቻ፣ ቁጭ ብላ ትሳለው። ብዕርና የውሃ ቀለም በብዙ ሙዚየም ስለማይፈቀድ እርሳሱን አስቀድመው በሩ ላይ ካሉት ጥበቃዎች አስፈቅደው ያስገቡላት።