ፌዴራል በሪሴሽን ጊዜ ለስቴቶች የሚሰጠው ብር ጠቀመ ወይስ አባለገ? (ክርክር)

ዮናስ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ሰላም ቤተሰብ፣ እስኪ አንድ ነገር እንከራከር። ሜሪላንድ በ2025 ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር የባጀት ጉድለት አለብኝ ብሎ ታክስ ጨመረ፣ ከጁላይ 1 ጀምሮ ደሞ አይቲና ዳታ ሰርቪስ ላይ 3 ከመቶ ጣለ። እኔ እዛው መስክ ላይ ስለሆንኩ ኢንቮይስ ስጽፍ ያቺ 3 ፐርሰንት ለብቻዋ መስመር ይዛ ቁጭ ትላለች፣ ደንበኛው ደሞ ይቺ ምንድናት ይለኛል። ጥያቄዬ አጭር ነው፣ በ2021 ለኮቪድ ተብሎ ከፌዴራል የወሰዱትን ያን ሁሉ ብር የት አደረሱት? እኔን ከጠየቃችሁኝ ሪሴሽን መጥቶ ኢኮኖሚው በወደቀ ቁጥር ዋሽንግተን ብር እየበተነ ስቴቶችን አባልጓቸዋል፣ ጊዜያዊ ብር ይዘው ቋሚ ወጪ ይጀምራሉ ብሩ ሲያልቅ ወደኛ ኪስ ይዞራሉ።

ትግስት (ቬጋስ)፦ ዮኒ ይቅርታ አድርግልኝና እንዲ የምታወራው ሪሴሽኑ ደጅህ ስላልመጣ ነው። ኔቫዳ ከደሞዝ ላይ የሚቆረጥ የስቴት ኢንካም ታክስ የለም፣ ስቴቱ የሚኖረው በሽያጭ ታክስና በካሲኖ ነው። ማርች 2020 ካሲኖ ተዘጋ፣ ለ78 ቀን። ሰው ስትሪፑ (ካሲኖዎቹ ያሉበት ዋናው ጎዳና) መሀል አስፋልት ላይ ሳይክል ይነዳ ነበር። ኤፕሪል ላይ ሥራ አጡ ወደ 30 ከመቶ ገባ፣ እዚ ያለ ሀበሻ ታክሲ ነጂ በለው የካሲኖ ካርታ አዳይ በለው ሃውስኪፐር በለው ባንዴ ነው ቤት የዋለው። ስቴቱስ ምን አደረገ? ጁላይ ላይ ልዩ ስብሰባ ጠርቶ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ቀዳዳ ለመድፈን ሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚሰጠውን የመንግስት የጤና ኢንሹራንስ) ቆረጠ፣ ትምህርት ቆረጠ። ሰው ኢንሹራንሱን ከነሥራው ባጣበት ሰሞን ሜዲኬይድ መቁረጥ ምን የሚሉት ነው? ግን ክፉ ሆነው አደለም፣ ገቢና ወጪያችሁ እኩል ይሁን የሚል ህግ አለባቸው፣ ከቬርሞንት በቀር ሁሉም ስቴት ላይ በሆነ መልኩ አለ። ፌዴራል ተበድሮ ያልፈዋል፣ ስቴት ለዕለት ወጪው እንዲ ማድረግ አይችልም። ታዲያ ማን ይድረስለት?

ሀብታሙ (ዳላስ)፦ ማጠራቀም ነበረበት ነዋ! ቴክሳስ ከነዳጅና ከጋዝ ታክስ እየቀነሰ ያስቀምጣል። እቁብ ደረሰኝ ብለህ በደሞዝህ የማትችለውን ቤት አትከራይም፣ ስቴቶቹ የሚያደርጉት ግን እሱን ነው። በ2009 የኦባማ ስቲሙለስ (ኢኮኖሚውን ማነቃቂያ ብር) ሲመጣ ያኔ ገዥያችን የነበረው ሪክ ፔሪ ለሥራ አጥ የተመደበውን 555 ሚሊዮን ዶላር አልፈልግም አለ፣ ሰው ሁሉ ሳቀበት። ነገሩ ግን እንዲ ነበር፣ ብሩን ለመውሰድ የሥራ አጥ ክፍያ ህጋችሁን አስፉ፣ ፓርት ታይም ሥራ የሚፈልገውንም አስገቡ ምናምን የሚል ቅድመ ሁኔታ ነበረው። ብሩ ያልቃል፣ ህጉ ይቀራል።

ቢኒያም (ዴንቨር)፦ ሀብትሽ ግማሹን ብቻ ነው የነገርከን እኮ። ያንን 555 አልቀበልም ባለበት ዓመት የቴክሳስ የሥራ አጥ ፈንድ ባዶ ሆኖ ከዛው ከፌዴራል ተበድሯል፣ ከስቲሙለሱ ደሞ ሌላውን በቢሊዮን የሚቆጠር ብር ወስዶ ባጀቱን ሞልቶበታል። ፖዙ ለካሜራ ነበር። ሳውዝ ካሮላይናም ገዥው ማርክ ሳንፎርድ ከስቲሙለሱ 700 ሚሊዮን አልነካም ብሎ ድርቅ ሲል የራሱ ስቴት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው ጠይቅ ብሎ ያዘዘው። ካሊፎርኒያ ያኔ የነበረ ሰው ካለ ይመስክር፣ ገዥው ሽዋርዘኔገር የመንግስት ሰራተኛውን ያለ ደሞዝ በግድ እረፍት አስወጥቶ ጁላይ ላይ ካዝናው ሲደርቅ ለከፊሉ ተከፋይ በቼክ ፈንታ ወደፊት እንከፍላለን የሚል ወረቀት ሰጠ። ወረቀት! ኪራይ በወረቀት አይከፈል።

ገነት (ላንግሊ ፓርክ)፦ እኔ ምግብ ቤት አለኝ፣ በ2021 ፌዴራል ለሥራ አጥ የሚጨምረው ሳምንታዊ 300 ዶላር እያለ አንድ አስተናጋጅ ማግኘት ምን ያህል እንዳሰቃየኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ያኔ የሜሪላንድ ገዥ የነበረው ሆጋን በጁላይ መጀመሪያ ላቁመው ሲል ባልቲሞር ያለ ዳኛ አገደው፣ እስከ ሴፕቴምበር ቀጠለ። ብሩ ይጠቅማል እሺ፣ ግን መቼ እንደሚቆም የሚያውቅ ሰው ያስፈልገዋል።

ትግስት (ቬጋስ)፦ ገኒ ከዛ በፊት ቀድመው ያቆሙ ስቴቶች ብዙ ነበሩ፣ እዛም ባለ ምግብ ቤቶቹ ሰው አጣን ማለታቸውን አላቆሙም እኮ።

ጋሽ ታደሰ (ዲሲ)፦ ልጆች፣ እኔ ታክሲዬን ካቆምኩ ቆይቻለሁ፣ አንድ ነገር ግን ላስታውሳችሁ። በ2020 ኬርስ አክት የሚባለው የኮቪድ እርዳታ ህግ ሲወጣ እያንዳንዱ ስቴት ቢያንስ 1.25 ቢሊዮን ይድረሰው ተባለ። የኛ ዲሲ ግን እንደ ፖርቶ ሪኮ ከቴሪቶሪ ተቆጠረችና 495 ሚሊዮን ገደማ ደረሳት። ህዝባችን ከዋዮሚንግ ይበልጣል፣ የፌዴራል ታክስ እንከፍላለን፣ ድምፅ ያለው ሴናተር ስለሌለን ግን ተዘለልን። የጎደለው የመጣው በዓመቱ በ2021 ህግ ነው። እናንተ ስቴቱ ባለገ አልባለገ ትላላችሁ፣ እኔ ደግሞ አከፋፈሉን የሚወስነው ማን ጮኸ የሚለው ነው እላለሁ።

ሜሮን (ሚኒያፖሊስ)፦ ጋሼ ልክ ነዎት። ስለ መዘግየቱም ላክልበት፣ እኔ ነርሲንግ ሆም ነው የምሰራው፣ በዛ ሁሉ ወረርሽኝ ሥራ ያልቀረነውን ስቴቱ እሸልማለሁ አለ በ2021። ከዛ ለጥቂቱ ሰው ብዙ እንስጥ ወይስ ለብዙው ጥቂት እያሉ ሲጨቃጨቁ ከርመው ገንዘቡን 500 ሚሊዮን አደረሱት፣ ቼኩ የመጣው በ2022 መጸው ላይ ነው፣ 487 ዶላር ከ45 ሳንቲም፣ ከ1 ሚሊዮን ለሚበልጥ ሰው። 45 ሳንቲሟ ናት የምታስቀኝ። አልጠላሁትም፣ ግን ብሩ በጨነቀን ሰዓት የት ነበረ?

ዮናስ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦ አያችሁ፣ ሜሮን ለኔ ተከራከረችልኝ። ካሊፎርኒያን ውሰዱ፣ በሜይ 2020 54 ቢሊዮን ጉድለት መጣብን ብለው አገር ይያዝ አሉ፣ በዓመቱ ሜይ 2021 ገዥው ጋቪን ኒውሰም 76 ቢሊዮን ትርፍ አለን ብሎ ቼክ ላድል አለ። የስቶክ ገበያውም የሀብታሞችም ገቢ አልወደቀማ! በዛው ሰሞን ነው እንግዲ ኮንግረስ ለስቴትና ለከተሞች 350 ቢሊዮን የለቀቀው። አላባማ ከዛ ላይ 400 ሚሊዮን አንስቶ እስር ቤት መስሪያ አደረገው። እስር ቤት ኮቪድ ምኑ ነው?

ሀብታሙ (ዳላስ)፦ ጨርሰኸዋል ዮኒ።

ቢኒያም (ዴንቨር)፦ አልጨረሰም። በ2021 በዛ፣ እሺ። ግን ለምን በዛ? በ2009 ስላነሰ ነዋ። ያኔ 787 ቢሊዮን ተባለ፣ ለስቴቶቹ የደረሰው ድርሻ ሲያልቅ ግን ኢኮኖሚው ገና አልተነሳም ነበር፣ ኮንግረስ በኦገስት 2010 26 ቢሊዮን ጨመረ እሱም አልበቃም፣ ስቴትና ከተሞች ለዓመታት አስተማሪና ሰራተኛ ሲቀንሱ ቆዩ። ኮንግረስ ሁሌ ያለፈውን ሪሴሽን ነው የሚዋጋው። የሰራው ነገር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ማንም የማያወራለት ነው። ሜዲኬይድን ፌዴራልና ስቴት ተጋግዘው ነው የሚከፍሉት፣ በ2020 ማርች ላይ ፌዴራል የራሱን ድርሻ በ6.2 ነጥብ ከፍ አደረገና ብሩ አዲስ ቢሮ ሳይከፈት አዲስ ፎርም ሳይሞላ ባለው ቱቦ ገባ። ይሄንን ከሥራ አጡ ቁጥር ጋር ብታስረው፣ ኔቫዳ 30 ሲገባ ድርሻው ራሱ ከፍ ይላል፣ ሲድን ራሱ ይወርዳል፣ ካሊፎርኒያም ትርፍ ላይ ሆና ቼክ አይደርሳትም፣ ዲሲም የሴናተር ጩኸት አያስፈልጋት።

ዮናስ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦ በዚህኛው አልጣላህም። ግን የትኛው ፖለቲከኛ ነው እኔ ነኝ ያመጣሁት ሊልበት የማይችለውን ነገር የሚያጸድቀው?

ሜሮን (ሚኒያፖሊስ)፦ ኧረ ጭራሽ ወደ ኋላ እየሄድን ነው። በ2025 ጁላይ የወጣው ህግ የፉድ ስታምፕን (ለችግረኛ የሚሰጠውን የምግብ እርዳታ) የቢሮ ወጪ የስቴቱን ድርሻ ከ50 ወደ 75 ከመቶ ያሳድጋል፣ ቆይቶ ደሞ ብዙ ስህተት የሚሰሩ ስቴቶች ከምግቡም ላይ ይክፈሉ ይላል። ፉድ ስታምፕ የሚጨምረው መቼ ነው? ሰው ሥራ ሲያጣ! የስቴቱ ገቢ በወረደበት ሰዓት ማለት ነው።

ሀብታሙ (ዳላስ)፦ ጥሩ እኮ ነው፣ ከኪሱ የሚከፍል ሰው ስህተቱን ይቆጣጠራል። ካሁኑ ያጠራቅሙ።

ትግስት (ቬጋስ)፦ ነዳጅ ያለው ያጠራቅማ። እኛ ከምኑ?

ሀብታሙ (ዳላስ)፦ ካሲኖ ላይ ያላችሁት ታክስ ቢበዛ 6.75 ከመቶ እኮ ነው፣ ከሀገሩ ዝቅተኛ ከሚባሉት ነው፣ ትንሽ ከፍ አድርጉት።

ትግስት (ቬጋስ)፦ ታክስ ጨምሩ ያለው ሀብታሙ ነው? ሃሃሃ ስክሪንሾት አንስቻለሁ፣ እንዳታጠፋት።